ሞጣ ላይ ያለው የማይቆም ወንበር

ከቢቸና ተነሥቶ ሞጣ የገባ፣ ሞጣም ገብቶ በማይቆመው ወንበር ላይ የተቀመጠ፣ ተቀምጦም በጨለማው ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር በሁለት ዓይኑ አይቶ የተመለሰ ሰው በመላው ምሥራቅ ጎጃም እኔ ብቻ ነኝ። ልኩራራ ብዬ አይደለም። መኩራራት ብፈልግማ፣ ወንበሩ ሲያየኝ ተነሥቶ እጅ ነሣኝ ብዬ እጀምር ነበር።

ባለቤቴ አትጠገብ ይህን መስመር በትከሻዬ ላይ አንብባ «እኔስ?» አለችኝ።

እውነት ነው፣ እሷም ነበረች። ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። እንግዲያው ሁለት ነን።

«የሞጣ ሰዎችስ?»

የሞጣ ሰዎች ከቢቸና አልተነሡማ! እነሱ አይቆጠሩም ብዬ ዝም አሰኘኋት። ዝም ያለችው ግን ተሸንፋ ሳይሆን ወጧ ሊያርርባት ስለነበር ነው።

የቢቸና ሰው ለጉዳይ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል፣ ለሕክምና አዲስ አበባ ይሄዳል። ሞጣ ግን በጀርባችን በኩል ስለሆነች ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ብዙዎቻችሁ እንደማትሄዱ ስለማውቅ ነው መቀሴን አስቀምጬ ብዕር ያነሣሁት።

የሄድንበት ምክንያት አለልኝ ነው። አለልኝ የአትጠገብ ታናሽ ወንድም ነው። እናታቸው ስትሞት እሷ አዝላ አሳደገችው፤ እሱን በጀርባዋ እንዳዘለች አገባኋት ማለት ይቻላል። አድጎ ወደ አንድ የዐረብ አገር ሄደና ትልቅ መዝናኛ ቦታ ተቀጠረ። ሥራውን በስልክ ሲነግረን ለረጅም ጊዜ አልገባንም። ጨለማ ቤት አለ። በቤቱ ውስጥ ቀፎ የሚመስሉ ወንበሮች በሰንሰለት ተያይዘው፣ አንዱ የሌላውን ጀርባ ተከትሎ ሲዞሩ ይውላሉ። አይቆሙም። ሰው ሊሳፈር ሲልም አይቆሙም፣ ሊወርድ ሲልም አይቆሙም። ተሳፋሪው ከወንበሩ እኩል በሚሄድ ወለል ላይ ይወጣና ቁጭ ይላል። የአለልኝ ሥራ በዚያ ወለል ላይ ወደ ኋላ እየተራመደ ሰውን ክንዱን ይዞ ማስቀመጥ ነበር። ቀኑን ሙሉ ይራመዳል፤ ሲመሽ ጠዋት የቆመበት ቦታ ነው።

«እትዬ፣ ቢቸና ደርሼ የምመለስ ያህል እሄዳለሁ፤ ግን ፈቅ አልልም» ይላት ነበር። እሷ ስልኩን ዘግታ ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ፣ እዚህም አገር ቀኑን ሙሉ ሲራመድ ውሎ ፈቅ የማይል ስንት ሰው እንዳለ እየነገርኩ አጽናናታለሁ።

አምና ተመልሶ መጣ። ሞጣ ላይ ባዶ የእህል መጋዘን ተከራየና ያንኑ ወንበር በወፍጮ ሞተር ሊያዞር ተነሣ። ለምን ሞጣ? ቢቸና ላይ የሚበቃኝ መጋዘን አጣሁ አለ። በከተማችን ስም ተቀይሜዋለሁ፤ ገና አልታረቅንም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ለወንበሮቹ ትራስ በቀይ ከፋይ ሰፍቼ እንዳመጣለት ጠየቀኝ። አትጠገብን እንቅልፍ የነሣት ግን ትራሱ አልነበረም። «ለፋሲካ ፈቃድ አግኝቼ ካልከፈትኩ የድሮው አለቃዬ ቦታህ አለ ብሎኛል፤ እመለሳለሁ» ብሏት ነበር። ስለዚህ ትራስ ልናደርስ ሄድን ይባል እንጂ፣ እሷ የሄደችው ወንድሟን ልታስቀር ነው።

የመጀመሪያው ቀን

ማለዳ መናኸሪያ ደረስን። ረዳቱ ትራሶቹን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ሲጭን «አባባ፣ ሞጣ ሰው ሁሉ ታመመ እንዴ?» አለኝ። አባባ ማለቱ ቆጨኝና፣ የሌላ አገር ንግሥት ሞጣ ልትገባ ስለሆነ መቀመጫ አድርስ ተብዬ ነው አልኩት። አመነኝ መሰለኝ፣ ገመዱን አጥብቆ አሰረ።

መንገዱ እንደምታውቁት ነው። አንዱ ጋ አስፋልት፣ አንዱ ጋ የአስፋልት ተስፋ። ቢቸና ከኋላችን ስታንስ የተሳፋሪውን ድብርት ላጥፋ ብዬ ማውራት ጀመርኩ። የሚንቀሳቀስ ነገር እኔን እንደማያዞረኝ፣ አዲስ አበባ ላይ በሚሽከረከር መጫወቻ ላይ ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ አንዲት ጠብታ እንዳላፈሰስኩ፣ ስለማይቆም ወንበር ከእኔ በላይ የሚያውቅ ቢኖር የሠራው ሰው ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው። ደብረ ወርቅ ሳንደርስ አስታወከኝ። ፌስታሉን የያዘችልኝ አትጠገብ ናት። ከፊታችን የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ዞር ብለው ሎሚ ሰጡኝ።

«አሽተት አድርጋት ልጄ። ወሬው ነው ያዞረህ፤ ዝም ስትል ይተውሃል።»

ዝም አልኩ፤ ተወኝ። አንዳንድ መድኃኒት እንዲህ ይመራል።

ጉንደ ወይን ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ከሚኒባሱ ሥር አንድ ነገር ቋ ብሎ ተሰበረ። ሾፌሩ ከሥር ገብቶ ወጣና፣ ዕቃው ነገ ካልመጣ አይሄድም አለ። ፀሐይዋ እየወረደች ነበር። ከመንገዱ ዳር አንድ ቆርቆሮ ቤት አይተን በሩ ላይ ቆምን።

«የመሸብን እንግዶች ነን።»

«ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ።»

ባለቤቱ አያ ሙሉነህ ይባላሉ። አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ሲገባባቸው ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር፣ ጥቂት ነው የመጣችሁት የሚል ቅሬታ ብቻ ነው። ሁዳዴ ስለነበር የሱፍ ፍትፍትና ስንግ ቃሪያ ቀረበ። እስከዚያች ቀን ድረስ የቢቸናን ጤፍ የሚያህል የለም ብዬ በየደረስኩበት እምል ነበር። ከዚያ ማዕድ ወዲህ አልምልም። ቃሪያው ደግሞ አቃጥሎኝ ጆሮዬ ለብቻው ያላበኝ መሰለኝ።

መኝታ አልበቃ ሲል ትራሶቹን አወረድናቸው። ገበሬው፣ ሾፌሩ፣ አሮጊቷ፣ ሁሉም በቀይ ከፋይ ላይ ተጋደሙ። አያ ሙሉነህ ራሳቸው አንዱን ተንተርሰው «ቤቴ ሆኜ የንጉሥ ግቢ የገባሁ መሰለኝ» አሉ። ቀጥለው የሶላር መብራቷን ሊያጠፉ እጃቸውን ሲዘረጉ «ባያጠፏት ምን ይመስልዎታል? ባለቤቴ ጨለማ አትወድም» አልኳቸው።

አትጠገብ ቀና ብላ አየችኝ።

ሁለተኛው ቀን

ስነቃ ጉሙ ከዓባይ በረሃ ወጥቶ በሩ ደፍ ላይ ተኝቶ ነበር። ዛፎቹ ከወገባቸው በላይ ብቻ ይታያሉ፤ ላሞቹ እግር የላቸውም። የሆነ ቦታ ደወል ይሰማል፤ ደወሉ ራሱ ጉም ውስጥ ተነክሮ የወጣ ይመስላል። እኛ ቢቸናም ጉም አለን፤ የእኛ ግን ሥራ ስላለው ቶሎ ይሄዳል። የጉንደ ወይኑ ጉም ተቀምጦ ያስባል። በዚያች ሰዓት፣ መሬቱ ቀስ ብሎ እየሄደ እኔ በቦታዬ የቆምኩ መሰለኝ። ፍርሃትም አልነበረውም፤ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ያለችውን አፍታ ይመስላል።

አያ ሙሉነህ ጤፍ የጫነ አይሱዙ አስቁመው፣ ሾፌሩን «የእኔ እንግዶች ናቸው» ብለው አሳፈሩን። ትራሶቹ ጤፉ ላይ፣ እኛ ጋቢና። ምስጋናችንን እንኳ አላስጨረሱንም፤ «አንዱን ትራስ እየረሳችሁ እንዳይሆን» ብለው ሮጠው አቀበሉን። እንዲረሳ ብዬ ሆን ብዬ የተውኩላቸው ነበር።

ሞጣ እንደ ቢቸና ናት፤ ልዩነቱ ሞጣ ላይ የሚያውቀኝ አለመኖሩ ነው። ባጃጁም ያው፣ አቧራውም ያው፣ ገበያውም ያው። ሰው ግን መንገድ ስትጠይቀው አይጠቁምህም፤ ሥራውን ትቶ ያደርስሃል። እኛን ያደረሰን ፀጉሩ በግማሽ የተቆረጠ ሰው ነው፤ ፀጉር አስተካካዩ ከነመላጫው እየተከተለው።

ክፍሉ በር ላይ የተቀበለን አለልኝ ከስቷል። አትጠገብን አቅፎ ቶሎ አልለቀቃትም። እሷ ግን በትከሻው ላይ አሻግራ ታይ የነበረው ከአልጋው ሥር የቆመ ሻንጣ ነው። ጥቁር፣ ዚፑ የተዘጋ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዕቃ ነው እትዬ።»

«ዕቃማ ሣጥን ውስጥም ይቀመጣል።»

ወደ መጋዘኑ ወሰደን። ሞተሩ ድምፁ እንዳይረብሽ ከግድግዳው ውጭ ተቀብሯል። ሲያስነሣው በመጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከጥቁሩ መጋረጃ ሥር አንድ ወንበር ብቅ አለ። ተከትሎት ሌላ። ተከትሎት ሌላ። እያንዳንዱ በቁመቱ የተሰነጠቀ ትልቅ ቀፎ ይመስላል፤ ጀርባውና ጎኑ ዝግ፣ ፊቱ ክፍት። እንደ እርሻ በሬ ቀስ እያሉ በፊታችን አለፉና በሌላው መጋረጃ ገቡ። ማለቂያ የላቸውም። አትጠገብ ነጠላዋን አገጯ ላይ ይዛ «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ አንተ ነህ የሠራኸው?» አለች።

«ሰው ሲሳፈር ለአንድ አፍታ ብታቆመውስ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ አንዱ ከቆመ ሁሉም ይቆማል። ውስጥ ያለው ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ይሄ ሞተር ደግሞ ሰው እንደጫነ ከቆመ መልሶ አይጎትትም፤ ሁሉንም አውርዶ በእጅ መግፋት ነው። የዚህ ነገር ነፍሱ አለመቆሙ ነው።» ወንበሩን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «ከሥር ሐዲድ አለው። ሐዲዱ ሲጠመዘዝ ወንበሩ ይዞራል። ማየት ወዳለብህ ነገር ያዞርሃል፤ ማየት የሌለብህን በጀርባው ይሸፍንብሃል።»

«ይህን ሥልጣን እስካሁን የያዘችው እህትህ ነበረች።»

ሳቀ። «ገብተህ እየው እንጂ።»

«ያለ ትራስ አልቀመጥም» አልኩት። «የሙያ ክብር አለኝ።»

ቀኑን ትራስ ስናለብስ ዋልን። ከከተማው ጽሕፈት ቤት የሚመጣው ባለሙያ ከነገ ወዲያ ነው። እሱ ካልፈቀደ ለፋሲካ የለም፤ ለፋሲካ ከሌለ ሻንጣው አለ።

ሦስተኛው ቀን

አለልኝ ለሙከራ ጎረቤቶቹን ጠራ። ፊት የቆሙት መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸው፤ ደቀ መዛሙርት የሚያስተምሩ፣ ሻሻቸው ከሞጣ ደመና የነጣ ሽማግሌ። ከኋላቸው የመጋዘኑ አከራይ እማማ ጠጄ፣ ከዚያ አያ ደሴና መንደሩ፣ ከዚያ ወጣቱ። አለልኝ በመጣው ወንበር ጎን እየተራመደ ለመሪጌታ እጁን ዘረጋ።

መሪጌታ ወደ ኋላ ዞሩ። «እማማ፣ ይቅደሙ።»

«ኧረ መሪጌታ! እርስዎ ቆመው?»

ወንበሩ ባዶውን ሄደ።

«በሞቴ ይግቡ።»

«አይሞቱብኝ፤ አይሆንም።»

ሌላው ወንበር ባዶውን ሄደ።

«እንግዲያው አያ ደሴ ይግቡ።»

«እኔ? መሪጌታን ቀድሜ? ምን በደልኩዎት?»

እንዲህ እየተባባሉ ወንበሮቹ ሁሉ ባዶአቸውን ገብተው ባዶአቸውን ወጡ። እንደገና ገቡ። እኛ ቢቸናም ሰው ይከባበራል፤ ግን በር ላይ ሁለት ጊዜ ከተባባልን በሦስተኛው አንዱ ይገፋል። ሞጣ ላይ የሚገፋ የለም። አንደኛው ወንበር አፍሮ ፊቱ ቀላ ብል ውሸት እንዳይመስላችሁ፤ ከፋዩን የሰፋሁት እኔ ነኝ።

አለልኝ ላብ በላብ ሆኖ፣ ወጣቶቹን እየጎተተ አስገባቸው። ሽማግሌዎቹንም አንድ በአንድ እየለመነ፣ እየማለ አስቀመጣቸው። ተመስገን ልንል ነው። ውስጥ ግን መንገዱ የሚታጠፍበት ቦታ አለ፤ እዚያ የሚሄደውና የሚመለሰው ወንበር ፊት ለፊት ይተላለፋል። ወጣቶቹ ሲመለሱ መሪጌታ ሲሄዱ ተገናኙ። በሥርዓት ያደገ ልጅ ሽማግሌ ሲያይ ምን ያደርጋል?

«ኖር!» ብለው ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተቀመጡበት ተነሡ።

ወንበሮቹ ዘመሙ። ሰንሰለቱ ከሐዲዱ ዘለለ። ሞተሩ አንድ ጊዜ አጓርቶ ዝም አለ። መጋዘኑም ዝም አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከጨለማው ሆድ የመሪጌታ ድምፅ ብቻ ረጋ ብሎ ይሰማ ነበር።

«በእግዜር፣ በእግዜር! ተቀመጡ ልጆቼ፣ ተቀመጡ።»

በባትሪ እየተመሩ ሲያወጧቸው እኔ ውጭ ትራስ አስተካክል ነበር። ማንም አልተጎዳም። አለልኝ ግን መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እዚያ ሰው ሁሉ ለመቅደም ነው የሚጋፋው» አለ። «የእኔ ሥራ መያዝ ነበር። እዚህ የሚገፋ እንደሚያስፈልገኝ በምን ልወቅ? አበቃ እትዬ። ነገ ሰውዬው መጥቶ ይሄን ቢያይ በሩ ላይ ቁልፍ ነው የሚያንጠለጥለው።»

አትጠገብ አጠገቡ ተቀመጠች። ሻንጣውን እያሰበች እንደሆነ ጀርባዋን አይቼ አወቅሁ።

ሰንሰለቱን ስንመልስ፣ ሞተሩም ሲነሣ ወንበሮቹ ባዶአቸውን መዞር ጀመሩ። እማማ ጠጄ ከዘራቸውን ተደግፈው ሲያዩዋቸው ቆዩ።

«ልጄ፣ የዚህ ነገር ፊቱ የቱ ነው?»

«ፊት የለውም እማማ። ዙሪያ ነው።»

«ኋላስ?»

«ኋላም የለውም።»

«እንግዲያ ማን ማንን ሊቀድም ነው ይሄን ሁሉ የተማማልነው?» ወደ መሪጌታ ዞሩ። «መሪጌታ፣ እኔ አሁን ብገባ እርስዎ ከኋላዬ ነዎት። ትንሽ ሲዞር ግን እኔ ነኝ ከኋላዎ። ቀደመችኝ ቢሉ ማን ያምንዎታል?»

መሪጌታ በዓይናቸው አንድ ወንበር ይዘው እስኪገባ ተከተሉት፤ በሌላው በኩል እስኪወጣም ጠበቁት። ከዚያ ሻሻቸው እስኪላላ ሳቁ። «እውነትዎን ነው። እዚህ ላይ ቀዳሚ የለም። ነገ መጨረሻ እገባለሁ፤ ፊተኛ ሆኜ እወጣለሁ።»

«ኖር ማለቱስ?» አለ አለልኝ። «ልጆቹ መነሣታቸውን አይተዉም።»

እዚህ ላይ ነው እኔ ለሞጣ የዋልኩት ውለታ። ከተረፈው ከፋይ ለየወንበሩ መቀነት ሰፋሁ። ተሳፋሪው ወገቡ ላይ ይታሰራል፣ ሊነሣ ቢልም አይነሣም። መሪጌታም «የታሰረ ሰው ባይነሣ ማን ይቀየመዋል» ብለው ፈረዱ። እጄ እስኪያብጥ ሰፋሁ። ዛሬም መቀሱን ስይዝ ጣቴ የአንድ ኩንታል ጤፍ ያህል ይከብደኛል።

አራተኛው ቀን

ባለሙያው አቶ መኳንንት ገና ጎልማሳ ነው። ቁጡ መስሎኝ ነበር፤ ጨዋ ሰው ሆኖ አገኘሁት፤ ይህ ደግሞ የበለጠ ያስፈራል።

«መዝጋት አልወድም ወንድሜ» አለው አለልኝን። «ግን አንድ አዛውንት ቢወድቅብኝ ምን እመልሳለሁ?»

ሰዎቹ ተሰለፉ። እማማ ጠጄ ማንንም ሳይጠብቁ ከወንበሩ እኩል ሁለት እርምጃ ተራምደው ቁጭ አሉ። አያ ደሴ ቀጠሉ። አለልኝ ወደ ኋላ እየተራመደ፣ ክንድ እየያዘ፣ መቀነት እያሰረ፣ ሳይቸኩል፣ ሳይሳሳት። እንዲህ ሲራመድ አይቼው አላውቅም፤ ውኃ ላይ የሚሄድ ይመስላል። ለስንት ዘመን ፈቅ ሳይል የተራመደው ለካ ወደዚህ እየመጣ ኖሯል። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ ተሰማ።

«ኖር!»

«በእግዜር!»

«ይቅርታ አባቴ፣ ታስሬ ነው!»

አቶ መኳንንት ፈገግ አለ፤ ግን አልፈረመም። «መሳፈሪያው ደህና ነው። ውስጡስ? ጨለማው ልብ ለደከመ ሰው ይሆናል? እኔ ከመግባቴ በፊት ይህን ነገር የሚያውቅ ሰው ገብቶ ይንገረኝ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ሁለት ቀን ሙሉ ስለ አዲስ አበባው ሻይ ያልነገርኩት የሞጣ ሰው አልነበረም። አለልኝ «ጋሼ» አለ። በእሱና በሻንጣው መካከል የቀረሁት እኔ ነበርኩ። አትጠገብ ክንዴን ያዘችኝና ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «አለሁልህ» አለች።

ቁጭ አልን። መቀነቱ ታሰረ። የመጋረጃው ጫፍ ፊቴን ዳሰሰኝ፤ ቀዝቃዛ፣ ለስላሳ።

መጀመሪያ ጉም ነው። ከድስት የሚወጣ እንፋሎት ነው ብለው ነግረውኝ ነበር፤ እንፋሎትነቱን ግን ትረሱታላችሁ። ወንበሩ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ሲዞር ጉሙ ይከፈትና የዓባይ ገደል ከሥራችሁ ይዘረጋል፤ በከረጢት ጨርቅ ላይ የተሳለ፣ ከጀርባው የተበራ፣ ታችኛው ጫፉ ገና ያልነጋበት። የውኃ ድምፅ አለ፤ እርጥብ አፈር ይሸታል። ከዚያ ወንበሩ ይዞራል፤ ገደሉ ሄደ ሳትሉ መሐሉ የተቆረጠ አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ይመጣል። ከሥሩ ሰማያዊ ላስቲክ ይርገበገባል፤ ወንዝ ነው። በተቆረጠው ጫፍ ላይ አንድ የገለባ ሰው ቆሞ ወደ ማዶ ያያል። ማዶ ደግሞ ሌላ የገለባ ሰው። እጃቸውን አንሥተዋል፤ እስከ ዘለዓለም ሰላምታ ላይ ናቸው።

ከዚያ ገበያ። ጨረቃ ወጥታለች። የገለባ ሴቶች ቅቤና በርበሬ ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ የገለባ አህያ ጆሮውን ጥሎ ቆሟል፤ የሚገዛም የሚሸጥም የለም፤ ሁሉም አንድ የሆነ ነገር እንደሚጠብቅ ነው። ወንበራችሁ በመካከላቸው ሲያልፍ፣ የሚጠበቀው ነገር እናንተ እንደሆናችሁ ይገባችኋል። ትራሱ ምቹ ነው፤ ይህን በራሴ እመሰክራለሁ። ሰንሰለቱ ከሥር እንደ ድመት ያንኮራፋል።

መጨረሻ ላይ ወንበሩ ወደ ኋላ ጋለል ይላል፤ ኮከብ ይወጣል። በላያችሁ፣ በጎናችሁ፣ ስፍር ቁጥር የሌለው ኮከብ። የአትጠገብ እጅ እጄን ጨመቀው።

«ይሄ የእናቴ ቤት ቆርቆሮ ነው!» አለች።

አለልኝ የፈረሰውን የእናታቸውን ቤት ክዳን አምጥቶ፣ በምስማር በስቶ ከጀርባው መብራት ሰቅሎበታል። ከበሳቸው ቀዳዳዎች መካከል ግን የድሮዎቹ አሉ፤ በዝናብ ጊዜ የሚያፈሱት፣ በፀሐይ ጊዜ ትንሹ ልጅ አልጋ ላይ ተኝቶ የሚያያቸው። አትጠገብ ለየቻቸው። «ያቺ በአልጋዬ ላይ ነበረች። ያቺ በምድጃው። በዚያች በኩል ነበር ዝናቡ እሱ ላይ የሚንጠባጠበው፤ እኔ ሳህን እይዝለት ነበር» እያለች አለቀሰች። ወንበሩ አልቆመላትም። ኮከቦቹን ቀስ እያለ አሳያትና ወደ ብርሃን አወጣን።

አለልኝ መቀነታችንን ፈታ። እህቱን አይቶ ፊቷን በእጁ ጠረገላት።

«እህሳ?» አለ አቶ መኳንንት።

ያን ቀን እንደተናገርኩት ተናግሬ አላውቅም። ጉሙን ነገርኩት፤ ድልድዩን፣ ሁለቱን የገለባ ሰዎች፣ ጨረቃዋን፣ ቆርቆሮውን አንድ በአንድ ነገርኩት። ሰው ተሰብስቦ ሰማኝ፤ ገብተው የወጡት ሳይቀሩ አዲስ ነገር እንደሚሰሙ ሆኑ።

«ጨለማው አያስፈራም?»

«ጨለማ? የቱ ጨለማ?» አልኩት።

አቶ መኳንንት ትንሽ አሰበና ወረቀቱን ለእማማ ጠጄ አስይዞ ገባ። ዞሮ ሲወጣ አለልኝ መቀነቱን ሊፈታለት እጁን ሰደደ። «ቆይ እስቲ» አለውና እንደታሰረ ተመልሶ ገባ። ሲወርድ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «የእኛም ቤት ቆርቆሮ እንዲሁ ነበር። ሰኞ ጠዋት ና፣ ፈቃድህን ውሰድ።»

እልልታው ሞተሩን ዋጠው።

አምስተኛው ቀን

ስንሰናበት አለልኝ ሻንጣውን ባዶ አድርጎ ይዞት ቆሞ ነበር። አትጠገብ ሂድና ጣለው አለችው። እሱ ግን ገበያው ውስጥ በገለባው አህያ ጀርባ ላይ ጫነው። በጣም አምሮበታል ይላሉ።

በመልሱ መንገድ ሚኒባሱ አልተሰበረም። አያ ሙሉነህ ደጅ ላይ ግን አስቁመን፣ ያን ሊረሳ የነበረ ትርፍ ትራስ በግድ ሰጠናቸው። አሮጊቷ ስለሌሉ ሎሚ የሚሰጠኝ አልነበረም፤ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። አትጠገብ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ተኛች። ኮረብታው እየዞረ መጣ፣ እየዞረ ሄደ። ሚኒባሱ ማየት የሌለብኝን ሸፍኖ ማየት ያለብኝን ብቻ የሚያሳየኝ መሰለኝ፤ የቢቸና ቆርቆሮዎች በማታ ፀሐይ ሲያበሩ እስካይ ድረስ።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር። ግን ገና ስጀምር በሁለት ዓይኔ አየሁ ብያለሁ። መጋረጃው ፊቴን ከዳሰሰኝ ጀምሮ ዓይኖቼን አልገለጥኳቸውም። ገደሉንም፣ ድልድዩንም፣ ጨረቃዋንም እያንሾካሾከች በጆሮዬ ያሳየችኝ አትጠገብ ናት፤ ለአቶ መኳንንት የነገርኩት፣ ለእናንተም የጻፍኩት የእሷን ነው። በእናቷ ቆርቆሮ ሥር እያለቀሰች እንኳ ቀዳዳዎቹን ስትቆጥርልኝ የነበረው፣ እንደማላይ ስለምታውቅ ነው። ጨለማ የማትወደው እሷ አይደለችም። ጨለማ የምፈራው እኔ ነኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ ቤታችን መብራት የሚጠፋው እኔን እንቅልፍ ከወሰደኝ በኋላ ነው።